የጆንያው አፍ ታስሯል፤ ጎኑስ?

የአንባቢ ደብዳቤ

«ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ ነው። የምሠራው ከጌራ፣ ከጎማና ከሊሙ ቡና እየሰበሰበ ለላኪዎች በሚያቀርብ አንድ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ሒሳብ እይዛለሁ፣ ደብዳቤም እጽፋለሁ። ቢሮው ላፕቶፕ ሰጥቶኛል። ኢንተርኔቱ በየሰዓቱ ስለሚቆራረጥ ኢሜይሌን አውትሉክ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ አውርጄ ነው የምሠራው፤ መስመር ባይኖርም የቆዩ ደብዳቤዎችን ከፍቼ አነባለሁ፣ መልስ አዘጋጃለሁ፣ መስመሩ ሲመለስ ይላካል። ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባ ሲለቅ ደግሞ የሦስት ዓመት ኢሜይሉን በአንድ ትልቅ ፋይል አድርጎ በፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። እሱንም ላፕቶፑ ላይ ገልብጬ እጠቀምበታለሁ። ውስጡ ውሎች፣ የባንክ ማዘዣዎች፣ የገበሬዎች ስምና የሒሳብ ቁጥር አለ።

ባለፈው ወር የላፕቶፑ የቻርጀር ማስገቢያ ተበላሸና ለጠጋኝ ሰጠሁት። ‹ለነገ› ያለኝ ሦስት ቀን ቆየ። የይለፍ ቃሉንም ‹ልሞክርበት› ብሎ ጠይቆኝ ነገርኩት። ሲመልስልኝ እኔ ያላስቀመጥኩት ፊልም ላፕቶፑ ላይ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቤት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ማታ ማታ በዚሁ ላፕቶፕ ኳስ ያያል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ‹አውትሉክ ፋይሉ ላይ የይለፍ ቃል አድርጊበት፣ በቃ› አለኝ። በአሮጌው ፋይል ላይ አደረግሁ። በራሴ ኢሜይል ፋይል ላይ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አይታየኝም። ያደረግሁት ይበቃል? ለሥራ አስኪያጃችን ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ብነግረው የጠጋኙን ነገር ያነሳብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

ሐ. ነኝ፣ ከጅማ»

መልስ

ልጄ ሐ.፣ «እትዬ» ብለሽ ስለጀመርሽ እኔም አንቺ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ ፊልሙ። ጠጋኙ ፊልም የከፈተው ባትሪው መሙላቱንና ማሽኑ ሳይጠፋ መቆየቱን ለማየት ይሆናል ብዬ ልገምት። ከዚያ ያለፈ ነገር ስለማድረጉ አንቺም ማስረጃ የለሽም፣ እኔም የለኝም። የሰው ስም በግምት አይነሳም። ነገር ግን ፊልም ወደ ውስጥ ያስገባ ፍላሽ ፋይል ወደ ውጭ ለማውጣትም ያው ፍላሽ ነው። ስለዚህ እንቅልፍ ማጣትሽ ከንቱ አይደለም፤ የጠጋኙን ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባልደረባሽ የሰጠሽን ምክር ግማሽ ልክ ነው እንዳልል አፌን ይይዘኛል። ሩብ ይሁንለት። ቡና ቢሮ ስለምትሠሪ በምታውቂው ነገር ላስረዳሽ። ናሙና የሚወስድ ሰው የጆንያ አፍ ሲፈታ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሹል ቱቦውን ከጎኑ ወጋ ያደርግና ፍሬው መዳፉ ላይ ይፈስስለታል። ሲባጎው እንደታሰረ ነው፣ ቋጠሮው አልተነካም፣ ጆንያው ከሩቅ ሲያዩት ደኅና ነው። አውትሉክ ፋይል ላይ የምታደርጊው የይለፍ ቃል ያ ሲባጎ ነው። ከወንድምሽ ዓይን ይከልል ይሆናል። ቱቦ ለያዘ ሰው ግን ምንም አይደለም።

ይህን በወሬ አላወቅሁትም። ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ጥንቁቅ ሰው፣ መሳቢያውን ሁለት ጊዜ ቆልፎ ሦስተኛ ጊዜ ስቦ የሚሞክር። የቆዩ ኢሜይሎቹን በአንድ የአውትሉክ ፋይል ሰብስቦ የይለፍ ቃል ካደረገበት በኋላ ቃሉ ጠፋበት። መጥቶ ሲለምነኝ ከኢንተርኔት በነጻ የሚገኝ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አወረድሁ። ቡናው እየተፈላ ነበር፤ አቦሉ ሳይቀዳ ፕሮግራሟ ሦስት ቃላት ደርድራ አወጣች። ቃላት ማለቴም ለአፍ ልማድ ነው፤ ትርጉም የሌላቸው የፊደል ቅልቅሎች ናቸው። «ከእነዚህ ያንተ የትኛው ነው?» ብለው «አንዱም የእኔ አይደለም» አለኝ። የመጀመሪያውን አስገባንና ፋይሉ ተከፈተ። የሰውዬውን ፊት ብታዪው! የጠፋው ቁልፍ ተገኝቶ ቢሆን ደስ ባለው፤ እሱ ግን ያየው የራሱን ቁልፍ ሳይሆን እሱ ያልሠራው ሌላ ቁልፍ ቤቱን ሲከፍት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒኤስቲ በሚባለው የአውትሉክ ፋይል ላይ የይለፍ ቃል ስታደርጊ ፕሮግራሙ ደብዳቤዎቹን በዚያ ቃል አይቆልፋቸውም። ከቃሉ አንድ አጭር የማረጋገጫ ቁጥር ያሰላና እሱን ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል። ቁጥሩ ባለ 32 ቢት ነው፤ ሊሆን የሚችለው ወደ 4.3 ቢሊዮን ዓይነት ብቻ ነው። ለእኔና ላንቺ ብዙ ይመስላል፣ ለኮምፒውተር ግን የቁርስ ሥራ ነው። እንዲያውም ብዙ የተለያዩ ቃላት አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚሰጡ ያንቺን ቃል ማግኘት እንኳ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ የሚገጥም ማንኛውም ቃል ይበቃል። ያ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ያየው ይህንኑ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «የይለፍ ቃል አምጣ» ብሎ የሚጠይቀው አውትሉክ መሆኑ ነው። ፋይሉን የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ጥያቄውን ከነጭራሹ ሊዘለው ይችላል። ረጅም ቃል ልምረጥ ብትይም ከ15 ፊደል በላይ አይቀበልሽም፤ ቢቀበልሽም ቁጥሩ ያው 32 ቢት ነው።

«በራሴ ኢሜይል ፋይል ላይ ምርጫው አይታየኝም» ያልሽው ትክክል ነሽ፣ ዓይንሽ አላታለለሽም። ያንቺው ኦኤስቲ የሚባለው ዓይነት ነው። አውትሉክ ውስጥ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «አካውንት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዳታ ፋይልስ» የሚለውን ብትከፍቺ ሁለቱንም ከነመንገዳቸው ተዘርዝረው ታገኛቸዋለሽ፤ የፋይሉ ስም መጨረሻ ይነግርሻል። ኦኤስቲ በኢሜይል አገልጋዩ (ሰርቨሩ) ላይ ያለው የደብዳቤ ሳጥንሽ ግልባጭ ነው። ቢጠፋ ከአገልጋዩ እንደገና ይወርዳል፤ ስለዚህም ማይክሮሶፍት የይለፍ ቃል ቦታ አልሰጠውም። ከተፈጠረበት አካውንት ጋር ስለታሰረ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ አይከፈትም ይባላል፤ አውትሉክ ራሱ በእርግጥ አይከፍተውም። ኦኤስቲን ወደ ፒኤስቲ የሚለውጡ ፕሮግራሞች ግን በገበያ ላይ ሞልተዋል። የቀድሞው ባልደረባሽ የተወልሽ ፒኤስቲ ደግሞ ምንም ዓይነት እስራት የለበትም። ለያዘው ሁሉ ይከፈታል። እኔ ከሁለቱ የምፈራልሽ እሱን ነው።

አውትሉክ የማትጠቀሙ አንባቢዎች አትኩሩ። ተንደርበርድ የሚባለው ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ደብዳቤዎቹን የሚያስቀምጠው በተራ ጽሑፍ ነው፤ በማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። እዚያ ላይ የምታደርጉት ዋና የይለፍ ቃል የሚጠብቀው የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች እንጂ ደብዳቤዎቹን አይደለም። በክሮም የጂሜይልን ያለኢንተርኔት መጠቀሚያ የከፈታችሁም የ7፣ የ30 ወይም የ90 ቀን ኢሜይል በማሽናችሁ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከጋራ ኮምፒውተር ስትወጡ ያንን እንዲያጠፋ ማዘዝ አለባችሁ።

አሁን ወደ ዊንዶውስ መግቢያ የይለፍ ቃል እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፑ ሲከፈት የምታስገቢው ቃል የሚጠብቀው በሩን ነው። ግድግዳው ግን ጭቃም አይደለም፣ ሸምበቆ ነው። ጠጋኝ ብሎን መፍቻውን አንሥቶ ዲስኩን ቢያወጣና ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘው ፋይሎችሽ በሙሉ ፊቱ ይዘረጋሉ፤ ዊንዶውስ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ለመጠየቅ እንኳ አልተነሣም። ብሎን መፍታት ካልፈለገ ከፍላሽ በሚነሣ ሌላ ሲስተም ማሽኑን አስነሥቶ ያንኑ ያደርጋል። ያንቺው ጠጋኝ ይህን ሁሉ ድካም አላስፈለገውም፤ ቃሉን ራስሽ ነገርሽው። አልቆጣሽም። ሁላችንም አድርገነዋል፤ «ልሞክርበት» ሲሉን እምቢ ማለት ነውር ይመስለናል።

መፍትሔው ዲስኩን በሙሉ መመስጠር ነው። ምስጠራ ማለት በዲስኩ ላይ የተጻፈው ሁሉ ቁልፉ ከሌለ የማይነበብ ቅልቅል እንዲሆን ማድረግ ነው። ፒኤስቲው፣ ኦኤስቲው፣ ከኢሜይል ላይ አውርደሽ የረሳሻቸው አባሪዎች፣ ስክሪን ላይ ያነሣሻቸው ምስሎች፣ አንድም ሳይቀር። ፋይል ፋይሉን ስትቆልፊ የምትረሺው ይኖራል፤ ዲስኩ ሲመሰጠር ግን መርሳት ጉዳት የለውም። በዚያን ጊዜ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ማሽን ጋር ያገናኘ ሰው የሚያገኘው የማይነበብ ቅልቅል ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ለዚህ የራሱ መሣሪያ አለው፤ ቢትሎከር ይባላል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን በሚባሉት ዓይነቶች ውስጥ ይገኛል። ሆም በሚባለው ሙሉ ቢትሎከር የለም። ሆኖም ማሽኑ መስፈርቱን የሚያሟላ ከሆነ የመሣሪያ ምስጠራ የሚባል ቀለል ያለ ዓይነት አለው። እሱም ከሌለ ቬራክሪፕት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ደኅና ነው፣ ነገር ግን ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማሽንሽ ገና በዊንዶውስ 10 ላይ ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳቆመ ለሥራ አስኪያጅሽ ጨምሪለት።

ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ፤ ዲስኩ ቀድሞ ተመስጥሮ ሊሆን ይችላል። አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ባለቤቱ ሳያውቀው ምስጠራው ራሱ ይጀምራል፣ ዲስኩ ሲቆለፍ የሚከፍተው የማስመለሻ ቁልፍም ወደዚያው አካውንት ይሄዳል። እንግዲህ አስቢው፦ ብዙዎቻችን ላፕቶፕ ስንገዛ የሚከፍትልን የሱቁ ልጅ ነው። በራሱ አካውንት ከፍቶት ከሆነ የቢሮሽ ቁልፍ የተቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። ነገ ማሽኑ ቁልፍ አምጪ ሲልሽ የምትሮጪው ወደ ሱቁ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሱቁን ለቆ ይሆናል።

የማስመለሻ ቁልፉ 48 አኃዝ ነው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ በስምንት ክፍል ይጻፋል። ማሽኑ አንድ ነገር ሲያጠራጥረው፣ ለምሳሌ ዋናው ቦርድ ሲቀየር፣ ይጠይቅሻል። ቁልፉ ከሌለ ጠጋኝም፣ እኔም፣ ማይክሮሶፍትም አንከፍትልሽም። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። መጀመሪያ የራሴን ላፕቶፕ የመሰጠርሁ ቀን 48ቱን አኃዝ በጥንቃቄ ገልብጬ ለራሴ በኢሜይል ላክሁ። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ ማሽኑ ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ ዘርግቶ ቁልፍ ጠየቀኝ። ቁልፉ ያለበት ኢሜይል ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ያን ዕለት ከተማው ላይ መስመር አልነበረም፤ በስልኬም ኢሜይል አልከፈትሁም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የተቆለፈ ማሽን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ መውጣት የሚባለው እኮ እንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ በወረቀት ጻፊው፤ አንዱ ቅጂ በቢሮው ካዝና፣ ሌላው ላፕቶፑ በማይደርስበት ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ስትጽፊውም ጮክ ብለሽ እያነበብሽ ሌላ ሰው ያመሳክርልሽ፤ 3 እና 8 በእጅ ጽሑፍ ወንድምና እህት ናቸው።

ሥራውን ስትጀምሪ መጀመሪያ የአስፈላጊ ፋይሎችሽን ቅጂ ያዢ። ምስጠራው እንደ ዲስኩ መጠን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። መብራት ቢጠፋ አትደንግጪ፤ ቢትሎከር ማሽኑ ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል። ቢሆንም ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ ብትጀምሪ ይሻላል፤ ክረምት በጅማ መብራትና ዝናብ አብረው እንደማይውሉ ለአንቺ አልነግርሽም።

ምስጠራ ሁሉን ይፈታል ብለሽ እንዳትቀሪ ደግሞ ይህን ስሚ። ምስጠራ ዲስኩን የሚጠብቀው ማሽኑ ተዘግቶ ሳለ ነው። ላፕቶፑ ተከፍቶ፣ አንቺ ገብተሽበት፣ ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ምሳ ከሄድሽ ምስጠራው ለመጣ ለሄደው ሁሉ ራሱ እየፈታ ያቀርብለታል። ከመቀመጫሽ ስትነሺ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘሽ ኤልን ተጫኚ፤ ስክሪኑ ይቆለፋል። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደግሞ ክዳኑን ዘግተሽ እንዳትተዪው፤ ሙሉ ለሙሉ አጥፊው። ክዳኑ ብቻ ሲዘጋ ማሽኑ አንቀላፋ እንጂ አልጠፋም፣ ቁልፉም በማህደረ ትውስታው ውስጥ እንዳለ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ሻንጣሽ ከዓይንሽ የሚርቅበት ቦታ ብዙ ነው። የመግቢያ ቃልሽም ከእንግዲህ ቀልድ አይደለም፤ ቢትሎከር በተለመደው አሠራሩ ማሽኑ ሲነሣ ዲስኩን ራሱ ስለሚከፍት ከዚያ በኋላ የሚቀረው መከላከያ ያ ቃል ነው። የልደት ዓመትሽን ተዪው። ርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ደርድሪ፤ ለአንቺ ይታወሳል፣ ለሌላው አይገመትም።

የወንድምሽ ነገር ከባድ አይደለም ብለሽ እንዳታልፊው። እሱ ኢሜይልሽን አያነብም፤ ኳስ ነው የሚያየው። ግን ኳሱን በነጻ የሚያሳዩት ገጾች «ይህን ካላወረድህ አይታይም» ይላሉ፤ እሱም ያወርዳል። የወረደው ነገር በአንቺ ስም ነው የሚሮጠው፣ አንቺ የምታዪውን ፋይል ሁሉ ያያል። እንግዲህ የቢሮው ላፕቶፕ ቤት የሚመጣ ከሆነ ለሥራ ብቻ ይሁን። ይህ ካልሆነ፣ በእናትሽ ፊት «እምቢ» ማለት ካቃተሽ፣ ቢያንስ የራሱን አካውንት ክፈቺለት፤ ፕሮግራም መጫን የማይፈቀድለት ተራ አካውንት ይሁን። ላንቺም እንደዚያው፦ የዕለት ሥራሽን በአስተዳዳሪ አካውንት አትሥሪ።

አሁን ወደዚያ የሦስት ዓመት ፋይል ልመለስ። ከልብሽ ንገሪኝ፦ የሦስት ዓመቱን ኢሜይል በሙሉ በየቀኑ ትፈልጊዋለሽ? የምትፈልጊው ምናልባት አሥር ውልና ሃያ ደረሰኝ ነው። የቀረው ተሸክመሽ የምትዞሪው የሰው ምስጢር ነው። እነሱን ለይተሽ አውጪ፤ ፋይሉ በሙሉ በቢሮው ውስጥ በሚቀመጥና በተመሰጠረ ውጫዊ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ከላፕቶፑ ላይ ይነሣ። በራስሽ ኢሜይል ላይም የሚወርደውን መጠን መቀነስ ይቻላል፦ በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ ያለኢንተርኔት ምን ያህል ጊዜ ወደ ኋላ እንደሚቀመጥ የሚወስን መንሸራተቻ አለ። ሦስት ወር ለአንቺ ሥራ አይበቃም? የቡና ወቅት ሲገባ ስድስት ታደርጊዋለሽ። ለምደነው «ሁሉንም» ላይ እንተወዋለን፤ ዲስኩ አይሞላም፣ ምን አስጨነቀን ብለን።

ፍላሹስ የት ነው? ስለ ላፕቶፑ ይህን ያህል ስትጽፊልኝ ስለ ፍላሹ አንድ ቃል አላልሽም። መሳቢያ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ያ ባልደረባ ሌላ ቅጂ ለራሱ አስቀርቶ ከሆነ፣ ያደረግሽው የይለፍ ቃል እነዚያን ቅጂዎች አይመለከታቸውም፤ የነካሽው አንዱን ቅጂ ብቻ ነው። ፍላሹን ፈልጊው። ቢትሎከር ፍላሽንም በይለፍ ቃል ይመሰጥራል። ከዚያ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ፋይል ከፍላሽ ላይ «ማጥፋት» ፋይሉን ወዲያው አያጠፋውም፣ ቦታው ክፍት ነው ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ። መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም ላለው ሰው ፋይሉ ሊገኝ ይችላል። እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ፍላሽ አልሰጥም፣ አልሸጥም፤ ሰብሬ ነው የምጥለው።

የጠጋኙን ጉዳይ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አስቀድሞ የወጣ ቅጂ ካለ ምስጠራም፣ የይለፍ ቃል መቀየርም አይመልሰውም። ይህን አልሸሽግሽም። ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መዝጋት ትችያለሽ። የዊንዶውሱንና የኢሜይሉን ቃል ዛሬውኑ ቀይሪ፤ የኢሜይሉን ከሌላ ማሽን ላይ። በሌላ መሣሪያ የተከፈቱ መግቢያዎችን ሁሉ እንዲዘጋ እዘዢው፤ ከተቻለ ወደ ስልክሽ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨምሪ። ከዚያ የኢሜይልሽን ደንቦች አገላብጠሽ እዪ፦ የማታውቂው ማስተላለፊያ ተደርጎበት ከሆነ የሚገባልሽ ሁሉ ግልባጭ ወደ ሌላ ሰው እየሄደ ነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ቃሉን ብትቀይሪም ይቀጥላል።

ከሁሉም በላይ የማስብልሽ ግን ሌላ ነው። የቢሮሽን የቆየ ኢሜይል ያነበበ ሰው ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ብር እንደሚከፍል፣ ሥራ አስኪያጅሽ ደብዳቤ ሲጽፍ በምን ሰላምታ እንደሚጀምር ያውቃል። ከዚያ በኋላ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ የዚህን ጭነት ክፍያ በዚህ ቁጥር ላኩልን» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ምን ያቅተዋል? እንዲህ ያለው ማጭበርበር በዓለም ዙሪያ በንግድ ቤቶች ላይ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከምትሸጡላቸው ላኪዎችም ሆነ ከምትከፍሏቸው አቅራቢዎች ጋር አንድ ስምምነት ይኑራችሁ፦ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ ተቀባይነት የለውም፤ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ተደውሎ ድምፅ ተሰምቶ ነው። በደብዳቤው ግርጌ ባለው ስልክ አይደለም፤ እሱንም የጻፈው አጭበርባሪው ሊሆን ይችላልና።

ለሥራ አስኪያጁ ንገሪው። ይህን ስል የምትፈሪው ነገር የለም ብዬ አይደለም፤ አንዳንድ አለቃ ችግር ያመጣለትን ሰው ከችግሩ ጋር አንድ አድርጎ ያያል። ግን ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ላፕቶፑ የድርጅቱ ነው፤ ሳታሳውቂ ብትመሰጥሪው እና ቁልፉ አንቺ ጋ ብቻ ቢሆን፣ ነገ ብትታመሚ ወይም ብትለቂ የድርጅቱን ንብረት የቆለፈች ሴት ትባያለሽ፤ ቢሉሽም አይፈረድባቸውም። ሌላው ሕጉ ነው። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል፤ የእነዚያ ገበሬዎች ስምና የሒሳብ ቁጥር ደግሞ የግል መረጃ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ ግን ቃሉን አምነሽ ከሰጠሽው ሰው ጋር ፈቃዱ እስከየት ነበር እያልሽ መከራከሩ ቀላል አይሆንልሽም። ሦስተኛው፣ የጠጋኙን ጉዳይ ራስሽ ከነገርሽው የአንቺ ጥንቃቄ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከነገረው የአንቺ ጥፋት ይሆናል።

አነጋገሩን ካስቸገረሽ እንዲህ በዪው፦ «ጋሼ፣ ላፕቶፑ ሲጠገን ሦስት ቀን ውጭ ቆይቶ ነበር፣ የይለፍ ቃሉንም ሰጥቼ ነበር። የኢሜይሌን ቃል ቀይሬያለሁ። አሁን ዲስኩን መመስጠር እፈልጋለሁ፤ የማስመለሻ ቁልፉን እርስዎ በካዝናዎ እንዲያስቀምጡልኝ ነው የመጣሁት።» ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ሳይሆን ወረቀቱን በእጅሽ ይዘሽ ግቢ። ባልደረባሽንም አታሳጪው፤ ምክሩን ስለሰጠሽ አመስግኚውና ይህን ጽሑፍ አሳዪው፤ የእሱም ፋይል በሲባጎ ታስሮ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ጥገና ደግሞ፦ የቻርጀር ማስገቢያ ለመቀየር ወደ ዊንዶውስ መግባት አያስፈልግም። መብራቱ በርቶ ባትሪው መሙላቱ ከመግቢያው ገጽ ላይ ይታያል። «ልሞክርበት» ካለሽ አጠገቡ ቁሚና ራስሽ ክፈቺው፤ ወይም ምንም የሌለበት የእንግዳ አካውንት አዘጋጂለት። ፊልሙንም እዚያው ይመልከት።